ስለ ፀሐይና ስለ ቆዳ ካንሰር የሚሰጠው ምክር የተጻፈው ለማን ነው?

ለሕዝብ የሚነገር ምክር ሲመረመር ሁለት ነገር ሊጠየቅ ይገባል። አንደኛው ምክሩ እውነት ነው ወይ? የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ለማን ተነገረ? የሚለው ነው። ስለ ፀሐይና ስለ ቆዳ ካንሰር በሚሰጠው ምክር ረገድ የመጀመሪያውን ጥያቄ የሕክምና ሊቃውንት በሚገባ መልሰውታል። ሁለተኛውን የሚጠይቅ ግን እምብዛም ስላላጋጠመን፣ በዚህ ጽሑፍ እኛ ልንጠይቀው ተነሥተናል። ምክሩን ከታወቀበት አገር ከአውስትራሊያ አንሥተን፣ ወደ አማርኛ ሲገባ ምን እንደሚሆን እስክናይ ድረስ እንከተለዋለን።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በአማርኛ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለሁለት ጌታ ያድራል፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈውን በሽታ ማለት ሲሆን፣ «የጡት ነቀርሳ» ወይም «የቆዳ ነቀርሳ» ሲባል ግን የማይተላለፈውን ካንሰርን ማለት ነው። ስለዚህ «የቆዳ ነቀርሳ» የሚለውን የሰማ ሰው የታመመውን ጎረቤቱን ላለመንካት ቢጠነቀቅ ብዙ አይፈረድበትም። ቃሉ የራሳችን ስለሆነ ብንወደውም፣ ይህን መጠራጠር ለማስወገድ ስንል በዚህ ጽሑፍ «ካንሰር» የሚለውን የውጭ ስም መርጠናል።

እ.ኤ.አ. በ1981 በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት የፀረ ካንሰር ምክር ቤት «ስሊፕ! ስሎፕ! ስላፕ!» የተባለ አጭር የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አወጣ። በማስታወቂያው ሲድ የሚባል በሥዕል የተሠራ የባሕር ወፍ እየዘፈነና እየጨፈረ ሕዝቡን ይመክራል። ሦስቱ ቃላት ሦስት ሥራዎች ናቸው፤ ሸሚዝ ማጥለቅ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት መቀባት፣ ባርኔጣ መድፋት። እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለት ተጨመሩበት፤ ጥላ መፈለግና የፀሐይ መነጽር ማድረግ።

ይህን ማስታወቂያ እንደ አንድ ድርሰት ብንመለከተው የሚመሰገንበት ብዙ ነገር አለው። በመጀመሪያ ነገር ስለ በሽታው ትምህርት ከመስጠት ይልቅ ሥራ ያዛል። የሚያዘውም ሰው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት በእጁ ሊፈጽመው የሚችለውን ነገር ብቻ ነው። ቃላቱም በአንድ ድምፅ ስለሚጀምሩና ሥራውን በድምፃቸው ስለሚያስመስሉ፣ ማንበብ ያልጀመረ ሕፃን እንኳ ይይዛቸዋል። እኛ ዘንድ የጤና ምክር ብዙውን ጊዜ «ኅብረተሰቡ ግንዛቤውን ሊያዳብር ይገባል» በሚል ዓይነት አነጋገር ይጀመርና፣ አድማጩ በነጋታው ጧት ምን እንደሚያደርግ ሳይነገረው ያበቃል። ከዚያ የባሕር ወፍ የምንማረው ነገር ቢኖር ይህን ነው፤ ግስ እንጂ ስም አላበዛም።

ምክሩም ባዶ ዘፈን አይደለም። በኩዊንስላንድ ግዛት ናምቡር በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 ድረስ 1,621 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ቅባቱን በየቀኑ እንዲቀቡ፣ የቀሩት ደግሞ እንደ ወትሮአቸው እንዲያደርጉ ተደርጎ ነበር። በ1999 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ከቆዳ ላይኛው ሽፋን የሚነሣውና ስኳመስ የሚባለው ካንሰር በየቀኑ በተቀቡት ላይ 40 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ሙከራው ካበቃ ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ ሜላኖማ የተባለው ገዳዩ ዓይነት በተቀቡት ላይ 11፣ በሌሎቹ ላይ 22 ሆኖ ተቈጠረ። በዕጣ የተደረገ ሙከራ ይህን ካሳየ፣ «የፈረንጅ ፈጠራ ነው» ብሎ ማናናቅ አይቻልም።

ዳሩ ግን እነዚያ 1,621 ሰዎች እነማን ነበሩ? በአመዛኙ ዘራቸው ከብሪታንያና ከአየርላንድ የሚመዘዝ፣ ቆዳቸው ነጭ የሆነ ሰዎች ናቸው። ሎንዶን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ51ኛው መስመር ላይ ስትገኝ፣ የኩዊንስላንድ ዋና ከተማ ብሪስበን በስተደቡብ በ27ኛው ላይ ትገኛለች። ለደመናና ለጭጋግ የተሠራ ቆዳ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ወደዚያ ፀሐይ መጥቶ፣ ከዚህም በላይ በባሕር ዳር ተጋድሞ መጥቆርን እንደ ቁንጅና ቈጠረው። የምክሩ ቃላት የተለኩት በዚህ ሰው ገላ ላይ ነው። ልብሱ ለሌላው ሰው ቢጠብ ወይም ቢሰፋ የልብስ ሰፊው ጥፋት አይደለም፤ ለሁሉም ይሆናል ብሎ የሚያድለው ሰው ግን ይጠየቅበታል።

የቆዳ ቀለም በፀሐይ ፊት ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ እ.ኤ.አ. በ1979 በታተመ ጥናት ተለክቷል። በቅባት ቁጥር ሲተመን፣ የጥቁር ሰው ቆዳ የላይኛው ሽፋን ለብቻው 13 ያህል የመከላከል ኃይል ሲኖረው የነጭ ሰው 3 ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን የሚያደርገው ሜላኒን የተባለው ቀለም ነው። ይህም ማለት ጥቁር ሰው በፀሐይ አይቃጠልም ማለት አይደለም፤ ይቃጠላል፣ ማድያትም ያወጣል፣ ቆዳውም ያረጃል። ነገር ግን በፀሐይ ምክንያት የሚመጣው የቆዳ ካንሰር በእርሱ ላይ እጅግ ጥቂት ነው።

ሊቃውንቱ ቆዳን የሚለዩበት መሰላል ራሱ ይህን ልዩነት አሳንሶ ያያል። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው አከፋፈል ነጭ ቆዳን፣ ፀሐይ ሲመታው ይቀላል ወይስ ይጠቁራል? እያለ በአራት ደረጃ ለየው። የቀረው የዓለም ሕዝብ፣ ከሕንድ እስከ ሱዳን ያለው ሁሉ፣ በኋላ በተጨመሩት በአምስተኛውና በስድስተኛው ደረጃ ተጠቃለለ። የአገራችን ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያለ ይለያል። እነዚህ ስሞች ለሙሽራ ምርጫና ለዘፈን የተበጁ እንጂ ለሕክምና የተበጁ አይደሉም፤ ቢሆንም ከሁለት ደረጃ ይበልጣሉ። የፀሐይን ምክር በአማርኛ የሚጽፍ ሰው «የቆዳ ዓይነት አምስት» ከሚል ይልቅ በእነዚህ ቢጠቀም አንባቢው ራሱን ያገኝበት ነበር።

ምክሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ መነገሩ የሚያስከትለውን በራሷ በአውስትራሊያ ማየት ይቻላል። በሜልበርን ከተማ ፉትስክሬይ በተባለው ሰፈር ከአገራችን የሄዱ ብዙ ቤተሰቦች ይኖራሉ። በዚያ አገር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ባርኔጣ የሌለው አይጫወትም» የሚል ደንብ አለ፤ ልጁ ቀይ ይሁን ጥቁር ደንቡ አይለይም። ደንቡ ለሚቃጠለው ልጅ ሕይወት ነው። በሌላ በኩል ግን በዚያው ከተማ በሚኖሩ የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የቫይታሚን ዲ እጥረት እጅግ የበዛ መሆኑን አሳይተዋል። ጥቁር ቆዳ ይህን ቫይታሚን ለመሥራት ከነጭ ይልቅ ብዙ ፀሐይ ይፈልጋልና። አንዲት እናት በአገሯ ሳለች ከጤና ጣቢያ የተማረችው ሕፃኗን በጧት ፀሐይ እንድታሞቅ ነው፤ ይህም አጥንት የሚያጣምመውን ሪኬትስ ለመከላከል ነው። ሜልበርን ስትደርስ ከፀሐይ ሽሹ ትባላለች። ሁለቱም ትእዛዝ ከሐኪም የመጣ ነው፤ እርሷ ግን የትኛው ለማን እንደተነገረ የሚያስረዳት አላገኘችም።

የአውስትራሊያ ሊቃውንት ይህን በመገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው የጋራ መግለጫቸው ሕዝቡን እንደ ቆዳው በሦስት ከፈሉት፤ ቆዳቸው በጣም ጥቁር የሆነ ሰዎች ለረጅም ሰዓት ፀሐይ ላይ ካልዋሉ በቀር ዘወትር ቅባት እንዲቀቡ አያስፈልግም አሉ። ሲድ የተባለው ወፍ መዝፈን ከጀመረ 43 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዘግይቶም ቢሆን መምጣቱን እናመሰግናለን። ነገር ግን የመጀመሪያው ዘፈን በየቋንቋው ተተርጉሞ ዓለምን ሲያዳርስ፣ የኋለኛው ማረሚያ ገና ከሊቃውንት መጽሔት አልወጣም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነቀፌታችን እንግባ። ምክሩ ለጥቁር ሰው የማያስፈልገውን ማዘዙ ትንሹ ጉድለት ነው፤ ትልቁ ጉድለት ሊያየው ከሚገባው ቦታ ዐይኑን ማንሣቱ ነው።

ማስታወቂያው በተሠራበት በዚያው በ1981፣ በግንቦት ወር፣ ቦብ ማርሊ በ36 ዓመቱ ማያሚ ላይ ሞተ። የገደለው ሜላኖማ ነው። በ1977 በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ነበር የተገኘው፤ በፊት ግን የኳስ ጨዋታ ጉዳት መስሎ ነበር። ሐኪሞች ጣቱ እንዲቈረጥ ቢመክሩትም አልተቀበለም፤ ጥፍሩና ሥሩ ያለው ሥጋ ብቻ ተነሣለት። በ1978 ወደ አገራችን መጥቶ ሻሸመኔን ሲጎበኝ በሽታው አብሮት ነበር። ከመሞቱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ፣ በኖቬምበር 1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ። በ2005 ስድሳኛ የልደት ዓመቱ በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ በታላቅ የሙዚቃ ትርኢት ሲከበር እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ዘፈኑን የማያውቅ ወጣት በከተማችን የለም ብንል ማጋነን አይሆንም፤ በምን እንደሞተ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ከሚያውቁትም መካከል «አባቱ ነጭ ስለነበረ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ግምት የፀሐዩ ምክር ምን ያህል እንደሠለጠነብን ያሳያል፤ የቆዳ ካንሰር ከሆነ የግድ ከፀሐይና ከነጭ ቆዳ መምጣት አለበት ብለን እናስባለንና። የእርሱ ሜላኖማ ግን አክራል የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር፣ ማለትም ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይበቅላል፤ በጥቁር ሕዝብ ላይ የሚታየው ሜላኖማም በአብዛኛው ይኸው ነው። ሸሚዝ ቢጠለቅ፣ ቅባት ቢቀቡ፣ ባርኔጣ ቢደፉ አያስቀረውም። ከምክሩ አምስት ግሶች አንዱም እግርን ተመልከት አይልም።

በሽታው በጥቁር ሰው ላይ የሚያይለው እዚህ ላይ ነው። ጥቂት ሰው ቢይዝም የያዘው ሰው ወደ ሐኪም የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ባለቤቱ እሾህ ወግቶኝ ነው፣ ድንጋይ መቶኝ ነው ይላል፤ የጤና ሠራተኛውም ቢሆን የጥፍር ፈንገስ ወይም ኪንታሮት መስሎት የሚቀባ መድኃኒት ሰጥቶ ይመልሰዋል። ሁለቱም «የቆዳ ካንሰር የነጮች በሽታ ነው» የሚለውን ትምህርት ከአንድ ምንጭ ጠጥተዋል።

ከጥፍር ሥር ሌላ ፀሐይ የሌለባቸው መንገዶችም አሉ። ፈረንሳዊው ሐኪም ማርዦለን እ.ኤ.አ. በ1828 የገለጸውና ዛሬም በስሙ የሚጠራው ቁስል፣ በአሮጌ የእሳት ጠባሳ ወይም ለዓመታት ሳይሽር በቈየ ቁስል ላይ የሚነሣ ስኳመስ ካንሰር ነው። ምድጃ መሬት ላይ በሚነድበት ቤት ሕፃን የሚቃጠልበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ የሚጥል በሽታ ያለበትም ሰው እሳት ላይ ይወድቃል። ያ ጠባሳ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና ሲቈስል «የድሮው ቁስል አገረሸ» ይባላል እንጂ ካንሰር ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ካፖሲ ሳርኮማ የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ ኤች አይ ቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ይህም ከፀሐይ ጋር ዝምድና የለውም።

እንግዲህ ምክሩ ወደ አማርኛ ሲተረጐም ምን ይሆናል? ትርጕም ቃልን መለወጥ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ለምሳሌ ያህል የሰዓቱን ነገር እንይ። የፈረንጁ ምክር «ከ10 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከፀሐይ ተጠለሉ» ይላል። ቁጥሩን እንዳለ የሚገለብጥ ተርጓሚ አንባቢውን ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ እስከ ጧት 4 ሰዓት፣ ማለትም ጀምበር ከምታዘቀዝቅበት አንሥቶ ሌሊቱን ሁሉ ጥላ ሥር እንዲያድር ያዘዋል። በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት መባል አለበት። ከዚህም የሚሻል ዘዴ አለ፤ ጥላህ ከቁመትህ ሲያጥር ጨረሩ በርትቷልና ተጠለል ማለት ነው። ሰዓት በእጅ ባልታሰረበት ዘመን አባቶቻችን ጥላቸውን በጫማቸው እየሰፈሩ ጊዜን ያውቁ ስለነበረ፣ ይህ ምክር ለአገሩ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

የሙቀቱም ነገር እንዲሁ ነው። በአማርኛ «ፀሐዩ በረታ» ስንል ሙቀቱን ማለታችን ነው፤ ቈላ ስንወርድ ጃንጥላ እንይዛለን፣ ደጋ ስንወጣ ጋቢያችንን ደርበን ፀሐይ እንሞቃለን። ቆዳን የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር ግን ሙቀት አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከ10 በመቶ በላይ እየጨመረ ይሄዳል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በደብረ ብርሃን ብርድ የሚያንቀጠቅጠው ሰው፣ ሳይታወቀው ከቈላው የበረታ ጨረር ይወርድበታል። የዓለም የጤና ድርጅት ጨረሩን በቁጥር ሲመትር 3 ሲደርስ ተጠንቀቁ፣ 11ና ከዚያ በላይ ሲሆን እጅግ አደገኛ ነው ይላል፤ በምድር ወገብ አካባቢ ባሉ ደጋዎች 11 ማለፍ ብርቅ አይደለም። በሙቀት ቃል የተተረጐመ ምክር ይህን ሁሉ ይሰውራል።

ከሁሉ የሚደንቀን ግን ተርጓሚዎቹ «ምች» የሚለውን ቃል አለማንሣታቸው ነው። ሕዝቡ ከፀሐይ የሚጠነቀቅበት ሕግ በዚህ ቃል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። «ከቤት ወጥተህ ድንገት ፀሐይ ላይ አትቁም፣ ምች ይመታሃል» ያልተባለ ልጅ የለም፤ ከንፈሩ የቈሰለም ዳማከሴ ታሽቶ ይቀባል። እንዲህ ያለው የከንፈር ቁስል በቫይረስ እንደሚመጣና የፀሐይ ጨረር እንደሚቀሰቅሰው የዛሬው ሕክምና ስለሚመሰክር፣ የእናቶቻችን ማስጠንቀቂያ ከእውነት የራቀ አልነበረም። ስለዚህ ምክር ጸሐፊው ሕዝቡን ከፀሐይ መጠንቀቅን እንደማያውቅ አድርጎ ከሀሁ ባያስጀምረው ይሻላል። ይልቁንስ ከምች ይጀምርና ልዩነቱን ያሳይ፤ ምች በዕለቱ ይመታል፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይለቃል። አንድ ወር ሞልቶት ያልዳነ የከንፈር ወይም የፊት ቁስል ግን ምች አይደለምና ለሐኪም ይታይ። ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ከአንድ ገጽ ትርጕም ይበልጥ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ስለ ቅባቱም ሒሳብ እናድርግ። አንድ ጐልማሳ ገላውን በሚገባ ለመቀባት 35 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልገዋል፤ ይህም በየሁለት ሰዓቱ መደገም አለበት። 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ እንኳ አያዳርስም ማለት ነው። ፊትንና እጅን ብቻ ለሚቀባ የከተማ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ከጧት እስከ ማታ ሲያርስ የሚውለውን ገበሬ ግን በየቀኑ ስንት ጠርሙስ ይዘህ ውጣ ልንለው ነው? ከውጭ አገር ለሚመጣ ውድ ዕቃ ጥቁሩ ገበሬ ገንዘቡን እንዲያፈስ መምከር ግፍ ነው፤ ባርኔጣውና የዛፉ ጥላ ይበቃዋል። ባርኔጣውን የምንደግፈውም ለቆዳው ሳይሆን ለዐይኑ ስንል ነው። ዐይን እንደ ቆዳ ሜላኒን አይከልለውምና፣ ጨረሩ የዐይን ሞራን ያፋጥናል፤ በዐይን ነጭ ክፍል ላይ ለሚበቅለው ካንሰርም አንዱ ምክንያት ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የማይመለከታቸው ወገኖች ግን አሉ፤ አልቢኒዝም ያለባቸው ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። እነርሱ ከጥቁር ወላጆች ቢወለዱም ሰውነታቸው ሜላኒን የሚሠራው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ወይም ከነጭራሹ አይሠራም። በምድር ወገብ ፀሐይ ሥር ስኳመስ ካንሰር በወጣትነታቸው ይይዛቸዋል፤ በአፍሪካ ብዙዎቹ የሚሞቱት በዚሁ ነው። የአውስትራሊያው ወፍ የዘፈነው በእውነት ለእነርሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ሸሚዙም፣ ቅባቱም፣ ባርኔጣውም፣ ጥላውም አንድ ሳይቀር ያስፈልጋቸዋል። የሚያሳዝነው ግን ምክሩ በአማርኛ ሲነገር ቁንጅና ለሚጠብቀው ለከተማው ሰው ይነገርና፣ የሞትና የሕይወት ጉዳይ የሆነባቸው እነዚህ ሰዎች ሳይጠሩ መቅረታቸው ነው።

ለእነርሱ የሚነገረው ምክር ደግሞ ለግለሰቡ ብቻ ሊነገር አይችልም። ልጁ ባርኔጣ ይድፋ ብንል፣ መምህሩ ክፍል ውስጥም ሆነ በሰልፍ ላይ ባርኔጣ ማድረግ ነውር ነው ብሎ ያስወልቀዋል። እጀ ረጅም ይልበስ ብንል፣ የትምህርት ቤቱ ልብስ እጀ ጕርድ ነው። ዐይኑም በተፈጥሮው ደካማ ስለሆነ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰሌዳው ሲጠፋበት እንደ ሰነፍ ይቈጠራል። በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓትና በስፖርት ክፍለ ጊዜ በቀትር ፀሐይ ይቆማል። እንግዲህ እዚህ ላይ መመከር ያለበት ርእሰ መምህሩ ነው። አውስትራሊያ ባርኔጣን ለሁሉም ሕፃን ግዴታ ካደረገች፣ የእኛ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሕፃን ፈቃድ መስጠት አያቅታቸውም። ቅባቱን በተመለከተ በታንዛኒያ የተጀመረው ሥራ አርአያ ሊሆነን ይችላል፤ በኪሊማንጃሮ አውራጃ በሞሺ ከተማ «ኪሊሰን» የሚባል ቅባት ለእነዚሁ ሰዎች ተብሎ በአገር ውስጥ ይሠራል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2014 ሰኔ 6ን (እ.ኤ.አ. ጁን 13) የአልቢኒዝም መታሰቢያ ቀን እንዲሆን ወስኗል። መታሰቢያው መልካም ነው፤ በዓሉ አደባባይ ላይ በጠራራ ፀሐይ ከተከበረ ግን ለማን እንደተከበረ እንጠይቃለን።

ለቀረው ሕዝብ የሚጻፈው ምክር ከእግር ይጀምር እንላለን። ይህን የምንለው አዲስ ነገር ለመፍጠር አይደለም፤ ሥራው በአገራችን ተጀምሮአል። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ያለባቸውን ሰዎች ሲያስተምር ከኖረው አንዱ፣ እግራቸው ሕመም ስለማይሰማው በየቀኑ እያጠቡ በዐይናቸው እንዲመረምሩት ነው። ዝሆኔ የያዛቸውም ሰዎች እግር ማጠብና ጫማ ማድረግ የሕክምናቸው መጀመሪያ ሆኖ ይማራሉ። የእንግዳንና የሽማግሌን እግር ማጠብ በገጠሩ የቈየ ልማድ ነው፤ በጸሎተ ሐሙስም በቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ሲድ ሸሚዝን የመረጠው ሁሉም ሸሚዝ ስለሚለብስ ከሆነ፣ እኛም ሰው ማታ ማታ እግሩን የሚታጠብበትን ጊዜ ልንመርጥ እንችላለን። የሚያጥበው ሰው ውስጥ እግርን ይገልብጥ፤ በጣቶች መካከል ይመልከት፤ ጥፍርን ይይ። የሚፈለገው ምልክትም በጣት የሚቈጠር ነው፤ አዲስ የወጣና እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ፣ በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ ታይቶ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር፣ ሳይመታ የሚደማ እባጭ፣ ወር አልፎት ያልሻረ ቁስል።

ሁለት ዓይነት ምክር መስጠት ሕዝቡን ያደናግራል፣ አንድ ቃል ለሁሉም ቢነገር ይሻላል የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን ሕዝቡ ከአንድ ምንጭ ሁለት ምክር መስማት ለምዷል፤ ያው ጤና ጣቢያ ስኳር ያለበትን ሰው ጣፋጭ አትብላ ሲል፣ የተጎዳውን ሕፃን ደግሞ ስኳርና ዘይት ያለበትን ምግብ አብሉት ይላል፤ ማንም አልተደናገረም። ይልቅስ የሚቸግረው ማስታወቂያውን የሚሥለው ሰው ነው። ፀሐይ፣ ባሕር ዳርና የጠርሙስ ቅባት መሣል ለምዶአል። ለአንዱ ወረቀት ባርኔጣ ደፍቶ ከፊተኛው ወንበር የተቀመጠ አልቢኒዝም ያለበት ተማሪ ይሣል፤ እርሱም በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በሌላው ላይ ከነሰንጥቁና ከነአቧራው የተገለበጠ የገበሬ ውስጥ እግር፣ ተረከዙ አጠገብም አንድ ጥቁር ነጥብ ይሣልና፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ይዛው ትሂድ።